አፈሩን ሳታዩ ኮከብ አትስጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መሬት ሂት ፓምፕ፣ ከመሬት ሙቀት ስቦ ቤት ስለሚያሞቀው ማሽን፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። መጨረሻ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ሳይ ግን ቅር አለኝ። መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ቱቦ፣ እኛ ሉፕ የምንለውን፣ በየዓይነቱ ደርድራችሁ ኮከብ ሰጥታችሁታል። ወደ ታች ለሚቆፈረው አምስት። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀመው አራት። አግድም ለሚዘረጋው ሦስት። ኩሬ ውስጥ ለሚሰጥመው ሁለት።

እኔ የምተዳደረው ይህን ቱቦ በመቅበር ነው። ሰንጠረዣችሁን በስልኩ ፎቶ አንስቶ የመጣ ደንበኛም ገጥሞኛል። «ጋዜጣው ባለ አምስት ኮከቡን ነው የሚለው። አንቺ ለምን ባለ ሦስቱን ትሰጪኛለሽ?» አለኝ። ለእሱ በቃል መለስኩለት። ሌሎች አንባቢዎቻችሁም ያንኑ ፎቶ ይዘው ወደየኮንትራክተራቸው ሳይሄዱ ለእናንተም ልጻፍ አልኩ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ጽሑፉ ሂት ፓምፕ «ከምድር እምብርት የሚወጣ ሙቀት» ይጠቀማል ይላል። ያ በእሳተ ገሞራ አካባቢ እንፋሎት አውጥተው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጣቢያዎች ጉዳይ ነው። የእኛ አግድም ቱቦ ቢወርድ ቢወርድ ሁለት ሜትር ነው። እዚያ የሚያገኘው ሙቀት ፀሐይና ዝናብ በሞቃቱ ወራት ያስቀመጡት ነው። ወደ ታች የምንቆፍረውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 150 ሜትር ነው። ምድር ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ትሞቃለች፤ ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ሜትር ወርዳችሁ የምታተርፉት ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው። ጥልቁን ጉድጓድ የምንወደው ስለሚሞቅ ሳይሆን ስለማይለዋወጥ ነው። ከአሥር ሜትር ገደማ በታች ላይ ብርድ ሆነ ሙቀት፣ የመሬቱ ዲግሪ ንቅንቅ አይልም። ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀትም ብዙ አይርቅም።

ማሽኑ ራሱ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት ስቦ በጀርባው ይተፋል። ይኼኛው ከመሬት ስቦ ቤት ውስጥ ይተፋል። አንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ በልቶ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ኪሎ ዋት ሙቀት ይሰጣል። ሦስት ይሁን አምስት የሚወስነው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቤቱ ስንት ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይጠይቀዋል የሚለው ነው። እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። ሌላው ከመሬት ዞሮ የሚገባለት ፈሳሽ ስንት ዲግሪ ነው የሚለው ነው።

ክርክሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ውጭ ያለው ቱቦ የተኛ ይሁን የቆመ አያውቅም። የሚያውቀው የሚገባለትን ፈሳሽ ዲግሪ ብቻ ነው። አግድሙ ሉፕ 3 ዲግሪ ካመጣለትና ጥልቁም 3 ዲግሪ ካመጣለት፣ ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ናቸው። ታዲያ ኮከቡ የተሰጠው ለምኑ ነው?

ቁጥር ይናገር። አንድ ቤት በብርዱ ቀን 8 ኪሎ ዋት ሙቀት ይፈልጋል እንበል። ማሽኑ አንዱን አራት የሚያደርግ ከሆነ 2 ኪሎ ዋት ከኤሌክትሪክ ይመጣል። የቀረውን 6 ኪሎ ዋት መሬቱ ማዋጣት አለበት። የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ቪዲአይ 4640 የሚባል መመሪያ አለው። ከእሱ የወጡ የቆዩ ቁጥሮች በሙያው ውስጥ ለዓመታት እንደ መነሻ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በዓመት 1800 ሰዓት ለሚሠራ ማሽን የተሰጡትን ልጥቀስ።

አግድም ሲዘረጋ፣ ደረቅ አሸዋ ከአንድ ካሬ ሜትር 10 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። ለዚህ ቤት 600 ካሬ ሜትር መሬት ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። እርጥበት ያለው ጭቃማ አፈር ከ20 እስከ 30 ዋት ይሰጣል። ከ200 እስከ 300 ካሬ ሜትር ይበቃል። ውሃ የጠገበ አሸዋና ጠጠር ደግሞ 40 ዋት ይሰጣል፤ 150 ካሬ ሜትር ብቻ። ወደ ታች ሲቆፈርም ታሪኩ ያው ነው። ደረቅ ደለል ከአንድ ሜትር ጉድጓድ 25 ዋት ይሰጣል፤ ስለዚህ 240 ሜትር። መካከለኛ ዓለት 60 ዋት ከሰጠ 100 ሜትር። ሙቀት በደንብ የሚያሳልፍ ጠንካራ ዓለት 84 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ 71 ሜትር አካባቢ ይበቃዋል።

በአንዱ ዓይነት ሉፕ ውስጥ ብቻ የአራት እጥፍ ልዩነት አለ። ደረቅ አሸዋና ውሃ የጠገበ አሸዋ በመልክ ያን ያህል አይራራቁም። ሙቀት በማሳለፍ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በደረቁ ውስጥ በየቅንጣቱ መካከል ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም። ይህን ሁሉ በሦስት ኮከብ መጠቅለል ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

አንድ ሥራ ላንሳ። ደንበኛዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከቤታቸው ጀርባ ሰፊ፣ ረግረግ የሚል ሜዳ አላቸው። አንድ ሻጭ ሦስት ጥልቅ ጉድጓድ እንዲያስቆፍሩ ፕሮፎርማ ሰጥቷቸዋል። ሜዳውን ወጥቶ እንኳ አላየውም። ኤክስካቫተር አስመጥቼ አንድ የሙከራ ቦይ አስቆፈርኩ። ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ አለፍ እንዳልን ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር አወጣሁና «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ጨብጧት» አልኳቸው። ሲጨብጧት ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ተንጠፈጠፈ። ግራጫ፣ ከባድ፣ የሚጣበቅ ጭቃ ነው። «ልጄ፣ ይኼ ጥሩ ነው መጥፎ?» አሉኝ። ለሌላ ሥራ መጥፎ ነው፤ ለእኛ ግን ከዚህ የተሻለ የለም አልኳቸው።

አግድም ዘረጋነው። ቦዮቹን አራርቀን ቱቦውን ቀጥ አድርገን አስተኛነው። ጋሼ ከማሽኑ ጎን ያለውን ቴርሞሜትር እያነበቡ ቁጥሩን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። ግድግዳቸው አሁን የተማሪ ደብተር መስሏል። ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ አግድም ሉፕ በጣም በሚደክምበት ሰሞን፣ የተጻፈው ቁጥር 3 ነው። ብዙ ንድፍ አውጪዎች እስከ ዜሮ አካባቢ እንዲወርድ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ጋሼ ገና ትርፍ አላቸው።

አግድም ሉፕ በጣም የሚደክመው አየሩ በጣም በሚቀዘቅዝበት ቀን እንዳልሆነ ልብ በሉ። ቅዝቃዜ በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሁለት ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሳምንታት አልፈውታል። ብዙ ሰው በከባዱ ብርድ «ጎበዝ ማሽን» ብሎ አመስግኖ፣ ፀሐይ ስትወጣ «ምን ነካው?» ብሎ የሚደውለው ለዚህ ነው። ምንም አልነካውም።

የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። ደረቅ አሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። ሥራውን የወሰደው ኮንትራክተር ለእርጥብ አፈር የሚበቃውን ያህል ቱቦ ቀብሮ ሄደ። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ብርድ የሚገባው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 6 ደረሰ። ማሽኑ አልችል ሲል ውስጡ ያለው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበራል። ያ ደግሞ አንድ ኪሎ ዋት በልቶ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቆጣሪው ይሮጣል። ባለቤቷ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብላ ጠራችኝ። ማሽኑ ደህና ነበር። ያነሰው ቱቦው ነው። ተቀብሮ፣ ሳር በቅሎበት፣ አጥር ታጥሮበት ቱቦ መጨመር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ጽሑፋችሁ እንደ ምንጭ ጠመዝማዛ ስለሚዘረጋው ቱቦም «ቦታ ይቆጥባል» ይላል። የሚቆጥበው የቦይ ርዝመት ነው። ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት አያበዛም። ጥቅልሎቹ በጣም ከተደራረቡ ከዚያው አፈር ይሻማሉ። ቦታ ለጠበበው ሰው መፍትሔ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ደግሞ እባካችሁ በላዩ ላይ አስፋልትም ሲሚንቶም አታልብሱት። ዝናቡና ፀሐዩ እንዲገባበት ነው የምንፈልገው።

ወደ ጥልቁ ልምጣ። ጠላቱ አይደለሁም። ግቢ ለጠበበበት፣ ከሥሩ ደህና ዓለት ላለው፣ ወይም አትክልቱ እንዳይቆፈርበት ለሚፈልግ ሰው እኔም እሱኑ ነው የምመክረው። ቱቦው ያንሳል፣ ዲግሪው ይረጋል። ግን ባለ አምስት ኮከብ የሚያደርገው መቆፈሩ ሳይሆን አሞላሉ ነው። ጉድጓዱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የተጣጠፈ ቱቦ ይወርድበታል፤ ፈሳሹ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይመለሳል። በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ግራውት በምንለው መሙያ ድብልቅ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ነው። ሁለት ሥራ አለው። ሙቀት ያስተላልፋል፤ የላዩ ቆሻሻ ውሃም ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዳይወርድ ይዘጋል።

ተራው ቤንቶናይት ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ በሙያው መለኪያ 0.7 ገደማ ነው። ግራናይት 3 አካባቢ ነው። ግራናይት ድረስ ቆፍሮ፣ ከዚያ ዙሪያውን በ0.7 መክበብ ያናድዳል። የሲሊካ አሸዋ ወይም ግራፋይት ሲቀላቀልበት አቅሙ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። አሞላሉም ከታች ወደ ላይ ነው። ቀጭን መሙያ ቱቦ እስከ ታች ይወርድና እየተሞላ እየተሳበ ይወጣል። አንድ ቦታ ከላይ በባልዲ ሲያፈሱት ደርሻለሁ። እንደዚያ ሲሆን መሃል ላይ ይሰነቀርና ከሥሩ ባዶ ይቀራል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሞልቷል። በስዊድን ጠንካራ ዓለት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግራውት አይጠቀሙም፤ ጉድጓዱ በተፈጥሮ ውሃው እንደተሞላ ይተዋል። እዚያ ያስኬዳል። ሌላ ዓይነት መሬት ላይ አያስኬድም።

ከሥር ያለውን ሳያውቁ መቆፈር ምን እንደሚያመጣ በደቡብ ጀርመን ያለችው ሽታውፈን ከተማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለከተማው ማዘጋጃ ሕንፃ ሂት ፓምፕ 140 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከሥር አንሃይድራይት የሚባል ማዕድን ነበር። ውሃ ሲያገኘው ወደ ጂፕሰም ይለወጣል፤ ሲለወጥም ያብጣል። መሬቱ ተነሳ። ከ200 በላይ ቤቶች ተሰነጠቁ። ይህ የትም የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ማንንም ለማስፈራራት አላነሳሁትም። የቦታው የመሬት ካርታ ሳይታይ ጥልቁ በደፈናው «አስተማማኝ» ይባል እንደሆነ ግን እናንተው ፍረዱ።

ለትልቅ ሕንፃ ሲሆን አንድ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈርና የሞቀ ውሃ ለሁለት ቀን ያህል እየዞረበት ዲግሪው እንዴት እንደሚሄድ ይለካል። ያኔ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ለአንድ ቤት ይህ ይበዛል። የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የተመዘገበውን ማየት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ብዙ ጉድጓድ ጎን ለጎን ሲሆን ደግሞ ቢያንስ አምስት ስድስት ሜትር መራራቅ አለባቸው። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ብቻ የሚወሰድበት መሬት ከዓመት ዓመት ይቀዘቅዛል። በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ3,000 በላይ ጉድጓዶች አሉት። የድንጋይ ከሰል ቦይለሮቹን የተካው በእነሱ ነው። እዚያ ግን በብርዱ የተወሰደው በሞቃቱ ወራት ከሕንፃዎቹ እየወጣ ወደ መሬቱ ይመለሳል።

የጉድጓድ ውሃ በቀጥታ የሚጠቀመው፣ አራት ኮከብ የሰጣችሁት፣ በዕድሜ ትልቁ ነው ማለት ይቻላል። በፖርትላንድ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1948 የተጠናቀቀው የኢኩይተብል ሕንፃ፣ ዛሬ ኮመንዌልዝ የሚባለው፣ በከርሰ ምድር ውሃ የሚሠራ ሂት ፓምፕ ነበረው። በወረቀት ላይ ይህን የሚያክል የለም። 10 ዲግሪ ያለው ውሃ በቀጥታ ይገባልና። ችግሩ የውሃው ብዛት ነው። ያ ከመሬት 6 ኪሎ ዋት የሚወስደው ቤት ውሃውን በ4 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው በደቂቃ 21 ሊትር ይፈልጋል። ሙሉ ቀን ሲሠራ 31 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? ተመልሶስ የት ይሄዳል? ሁለተኛ መመለሻ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦታም ፈቃድ ይጠየቅበታል። ውሃው 30 ሜትር ታች ከሆነ የሚያወጣው ፓምፕ ብቻ 250 ዋት አካባቢ ይበላል። ኮምፕረሰሩ 2 ኪሎ ዋት ለሚበላ ማሽን ይህ ቀላል አይደለም።

ብረት የበዛበት ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአንዱን ማሽን ሙቀት መለዋወጫ ስፈታ ውስጡ በብርቱካንማ ዝልግልግ ነገር ተሞልቶ ነበር። ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። በጣቴ ስጠርገው እንደ ቅባት ተንሸራተተ፣ ሽታውም አይጣል ነው። ውሃው አስቀድሞ ላቦራቶሪ ቢገባ ኖሮ ባለቤቱ ያው አንድ ፈሳሽ ብቻ ቱቦ ውስጥ ወደሚዞርበት ዝግ ሉፕ ይሄድ ነበር።

ኩሬውን ለምን ሁለት ኮከብ እንደሰጣችሁት አልገባኝም። ኩሬ የሌለው ሰው ዜሮም ቢሰጠው አይጎዳም። ያለው ሰው ግን፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሜትር ተኩል ሦስት ሜትር ጥልቀቱን ከያዘ፣ ከሁሉ የቀለለው ቁፋሮ የእሱ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ላዩ በረዶ ቢሠራም ከታች 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ጥቅልሉ ክብደት ይታሰርበትና ባዶውን ይንሳፈፋል። ፈሳሽ ሲሞላ ቀስ ብሎ ይሰጥማል።

የመዳብ ቱቦ ቀብሮ የማሽኑን ማቀዝቀዣ ጋዝ ራሱን መሬት ውስጥ የሚያዞረውን ዓይነት ጨርሶ አላነሳችሁትም። ጥሩ አደረጋችሁ ልበል? ቱቦው አጭር ነው፣ ሙቀት በደንብ ያሳልፋል። አሲድነት ያለው አፈር ግን መዳብ ይበላል። መሬት ውስጥ የሚያፈስ ጋዝ መፈለግን ለማንም አልመኝም።

ሌላ ሰንጠረዥ የምትሠሩ ከሆነ በኮከቦቹ ቦታ ሦስት ነገር አስገቡልኝ። የአፈሩ ዓይነትና እርጥበቱ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ስንት ሜትር ቱቦ እንደተቀበረ፣ ብርዱ ሊያልቅ ሲል የሚገባው ፈሳሽ ስንት ዲግሪ እንዲሆን እንደታሰበ። አንባቢዎቻችሁም ኮንትራክተሩን እነዚህኑ ይጠይቁት። ሦስተኛውን ሲጠየቅ የሚደናገጥ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ቱቦው ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ መሆኑን፣ ከመሬት በታች ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ በሙቀት የተበየደ እንጂ በብሎን የታሰረ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ሳይደፈን በግፊት መፈተኑን ቆመው ይዩ። ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር በትልቅ ፓምፕ ካልወጣ ደግሞ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ፈሳሹ በሰከንድ 0.6 ሜትር ካልሮጠ አየር ጥግ ይዞ ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ፎቶው። «አግድም ሉፕ ሲዘረጋ» ብላችሁ ያወጣችሁት ሥዕል የሉፕ አይደለም። ቱቦው ፌሮ መረብ ላይ ታስሯል፣ ከጀርባው በርና መስኮት ይታያል። የወለል ማሞቂያ ነው። በሚቀጥለው እትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ትክክለኛ ፎቶ ካጣችሁ የጋሼን ቦይ ከመደፈኑ በፊት አንስቼዋለሁ፤ እሳቸውን ላስፈቅድና እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ቱቦ ቀባሪ አንባቢያችሁ